ወደ ውስጥ የታጠፈ ጨርቅ

አጎቴ ልብ ወለድ አልወድም ባይ ነበር። «የሌለ ሰው ሞቶ ለማን ልዘን?» ይላል። ይህን የሚለው ግን አንድ ቃል እንዳታመልጠው ወንበሩን ወደ እትዬ እያስጠጋ ነው።

እትዬ ሚስቱ ናት። ቁርጥማት ጣቶቿን ሳይቆለምማቸው በፊት እንደ እሷ እጅጌ የሚገጥም ሰው አልነበረም ይላሉ፤ እኔ አልደረስኩበትም። ትምህርት ጨርሼ ሥራ አጥቼ ስንከራተት አጎቴ «ነይ እስኪ፣ ሌላው ቢቀር ቁልፍ ትተክያለሽ» ብሎ ወደ ልብስ ስፌት ቤቱ ሲወስደኝ፣ እትዬ መርፌ መያዝ አቁማ መጽሐፍ መያዝ ጀምራ ነበር። እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አይሆንላትም። አጎቴ ይቆርጣል፣ ሁለት ሰፊዎች የስፌት መኪና ላይ ይቀመጣሉ፣ ጋሼ ካውያ ይተኩሳል፣ እኔ የእጅ ሥራውን እሠራለሁ፣ እሷ ታነባለች። ምላሴ ስለሚወጋ ስሜን ትተው «መርፌ» ይሉኝ ነበር። ቅር ብሎኝ አያውቅም፤ በቤቱ ውስጥ ያለ መርፌ የሚሠራ ነገር የለማ።

ታዲያ መኪና እየጮኸ ማን ይሰማል? አጎቴ መላ ዘየደ። የእጅ ሥራ የሆነ ሁሉ፣ ቅምቅማቱ፣ ቁልፉ፣ የቁልፍ ቀዳዳው፣ ገበሩ፣ ለከሰዓት ይጠራቀም አለ። ጠዋት መኪና፣ ከሰዓት እጅ። ከምሳ በኋላ የመጣ ደንበኛ ወይ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል ወይ ነገ ይመለሳል። እንዲህ ዓይነት አሠራር ሌላ ቤት አይቼ አላውቅም። ታሪኩ ሲጥመው ደግሞ አጎቴ የማያስፈልግ ቅምቅማት ሁሉ ይጨምር ነበር። የዚያን ጊዜ የሰፋናቸው ሱሪዎች ጨርቃቸው አልቆ ጫፋቸው አልተፈታም።

እትዬ ብዙ መጽሐፍ አንብባልናለች፤ በየዓመቱ የምንመለስበት ግን አንድ ነበር። የተማሪ ዩኒፎርም ግርግር አልፎ ሥራ ሲቀዘቅዝ አንዳችን «ወፍራሙ ይምጣ» እንላለን። ስሙን ትተን የምንጠራው እንደዚያ ነው። ጋሼ ካውያ አንዴ እግሩ ለተሰበረ ጠረጴዛ መደገፊያ አድርጎት ከእትዬ ጋር ተኮራርፈው ሰንብተዋል። አያቶቻችን ያነበቡት፣ ትምህርት ቤትም የሚሰጥ፣ የታወቀ የድሮ ልብ ወለድ ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት እናት በወንዝ ዳር ትኖራለች። አንድ ልጇ ጀልባ ላይ ተቀጥሮ ይሄድና ይቀራል። እሷም ኮት ትሰፋለትና ከበሩ ኋላ ትሰቅለዋለች። በየዓመቱ «ይህን ያህል አድጓል» ብላ ገምታ፣ ስፌቱን ተርትራ፣ ወደ ውስጥ ያጠፈችውን ትርፍ ጨርቅ ለቅቃ መልሳ ትሰፋዋለች። ኮቱ እያደገ እሷ እያረጀች ትሄዳለች። መጽሐፉ የሚያልቀው በሩ በነፋስ ተበርግዶ የኮቱ እጅጌ ሲወዛወዝ ነው። ልጁ ይምጣ አይምጣ ደራሲው አልነገረንም።

መጀመሪያ የሰማሁ ቀን እንባዬን በሰው ልብስ ገበር ላይ አዘነብኩት። ለእኔ ያ ኮት ፍቅር ነበር፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አጎቴ ግን መቀሱን አስቀመጠና «ውሸት ነው» አለ።

«ምኑ?» አለች እትዬ፣ መጽሐፉን ሳትከድን።

«ኮት ሁለት ጣት ትርፍ ቢኖረው ነው። ከዚያ በላይ ወደ ውስጥ ካጠፍሽ ያብጣል። ይቺ ሴትዮ ይህን ሁሉ ዓመት ከየት እያመጣች ነው የምትለቀው? ደራሲው መርፌ ይዞ አያውቅም!»

ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ሲያዳምጥ የቆየ አንድ አስተማሪ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኮቱ እኮ ኮት ብቻ አይደለም። ምልክት ነው። ተስፋን ነው የሚያመለክተው።»

«ምልክትማ በጠመኔ ነው የሚደረገው» አለው አጎቴ።

አስተማሪው ከት ብሎ ሳቀ። ደግ ሰው ነበር፤ በየዓመቱ በዚያ ሰሞን የሚጠገን ልብስ አያጣም። የሚገርመኝ፣ ኮቱን የሚፈታበት ፍቺ በየዓመቱ ይለያይ ነበር። ተስፋ ነው ያለው ሰውዬ፣ ሚስቱ የወለደች ዓመት ኃላፊነት ነው አለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ፊቱ ጠቁሮ መጣና ኮቱ ግትርነት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም ብሎ ሱሪውን ሳይወስድ ወጣ። እትዬ በመስኮት ተከትላ አየችውና «ከቤቱ ሰላም የለም» አለች። እውነቷን ነበር።

አጎቴ ግን ነገሩ አንገበገበው። ባለቤቱ ሳይመለስ የቀረ ጥቁር ግራጫ ሱፍ ጨርቅ መደርደሪያ ላይ ነበረን። አወረደውና ለአንድ ጎረምሳ የሚሆን ኮት ቆረጠ፤ በየስፌቱ የቻለውን ያህል ትርፍ ተወበት። ደራሲውን ሊያዋርድ ነው። ተሰፍቶ ሲያልቅ እንዳለውም ጎኑ ሁሉ አበጠ። «አላልኩም?» ብሎ ጉሮ ወሸባዬ ሊል ሲል ጋሼ ካውያ ኮቱን ወሰደ። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎበት፣ ካውያውን ተጭኖ፣ አንስቶ፣ ደግሞ ተጭኖ፣ ያ ሁሉ እብጠት ወረቀት ሆኖ ተኛ። አጎቴ በእጁ ዳበሰው። ገልብጦ ደግሞ ዳበሰውና «ሴትዮዋ ተኳሽ ነበራት ማለት ነው» አለ። ይህ ከእሱ አፍ የወጣ ትልቁ ይቅርታ ነው።

ከዚያ ወዲያ በተማሪ ዩኒፎርም ሁሉ ትርፍ መተው ጀመርን፤ ልጁ ሲያድግ እናትየዋ አምጥታ ታስለቅቃለች። መጽሐፉ ለደራሲው ምን እንዳስገኘለት አላውቅም። ለኛ ግን ደንበኛ አምጥቶልናል።

ስለ ጋሼ ካውያ ላውራ። አጭር፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ልብሱን የሚያርሰው በድሮው ወግ ነው፤ ውኃ ይጎነጭና በአፉ እፍ እያለ እንደ ጉም ይረጨዋል። እትዬ ስታነብ ይተኩሳል፣ ይጎነጫል፣ ይረጫል። እናትየዋ ኮቱን የምትተረትርበት ቦታ ሲደረስ ግን ውኃውን እንደያዘ ይቀራል። ጉንጩ ተነፍቶ፣ ካውያው በአየር ላይ ቆሞ፣ ምዕራፉ እስኪያልቅ አይረጭም። ሁላችንም እናያለን፤ ሁላችንም ሆድ ይፍጀው ብለን ወደ መርፌያችን እናጎነብሳለን።

ልጅ ነበረው። እናቱ የሞተችበት አንድ ልጅ። ሙያውን ሊያስተምረው እዚያው ከጎኑ አቁሞት ሳለ የደንበኛ ቀሚስ አቃጠለ። ጋሼ ካውያ ቁጡ ሰው አይደለም፤ የዚያን ቀን ምን እንደገባበት እሱም አያውቅም። በሰው ፊት «አንተ ልጄ አይደለህም፤ ውጣልኝ!» አለው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ልጁ ሽርጡን ፈትቶ፣ አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ይህ የሆነው እኔ ከመምጣቴ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፤ የነገረችኝ እትዬ ናት። «አጣጥፎ ባያስቀምጠው ይሻል ነበር» አለችኝ።

ያ ለሙከራ የተሰፋ ኮት ሲያልቅ ጋሼ ካውያ «ለማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ለማንም» አለ አጎቴ።

ጋሼ ካውያም ከመስቀያው ጋር አንስቶ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ኋላ ሰቀለው። በዓመቱ ወፍራሙ ተነብቦ ሲያልቅ ኮቱን ይዞ ወደ እኔ መጣ። «መርፌ፣ እስኪ ትንሽ ልቀቂው።»

«በምን ያህል፣ ጋሼ?»

ክንዴን ይዞ ወደ በሩ ወሰደኝ። ሁለታችን ደፉ ላይ ቆመን አላፊ አግዳሚውን ማየት ጀመርን። አንዱን ጎረምሳ «ይሄ ልጅ ነው»፣ ሌላውን «ይሄ ደግሞ አረጀ» እያለ አሳለፈ። መጨረሻ ላይ አንዱን በአገጩ ጠቆመኝ። «እንደዚያኛው ይሆናል።» የማላውቀውን ሰው ትከሻ በዓይኔ ለክቼ ተመለስኩና ለቀቅኩት።

እንዲህ እንዲህ እያልን በየዓመቱ በሩ ላይ ቆምን። የምንመርጣቸው ጎረምሶች ወንዶች ሆኑ፤ ጢም አወጡ፤ ሚስት አስከትለው ማለፍ ጀመሩ። ሁሉም ታዲያ ደረታቸው የሰፋ፣ ሲሄዱ መሬት የሚያንቀጠቅጡ ናቸው። አጎቴ አንድ ቀን አላስችለው አለና «አንተ ራስህ ከካውያው እጀታ አትበልጥም፤ ልጅህ ይህን ትከሻ ከየት ያመጣዋል?» አለው።

«በእናቱ ወገን ትልልቆች ናቸው።»

የልጁን እናት ቁመት የምታውቀው እትዬ ሳቋን በመጽሐፉ ሸፈነች።

እነዚያ ከሰዓቶች ዛሬ ድረስ በዓይኔ ይዞራሉ። የረጠበ ሱፍ ሽታ፣ ከመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ቀስ እያለ ሲሄድ፣ እትዬ ገጽ ልትገልጥ አውራ ጣቷን ስትልስ፣ የሁላችንም መርፌ አንድ ላይ ቀጥ ሲል። ቦታው አሁን የስልክ መሸጫ ሆኗል። ባለፈው ገብቼ የማልገዛውን ሽፋን ሳገላብጥ ቆየሁ፤ ልጅቷ «እማማ፣ ምን ልርዳዎት?» አለችኝ። እዚህ ጋ የምትቆሚበት ቦታ ካውያ ነበር ልላት አስቤ፣ ምን ታደርገዋለች ብዬ ተውኩት። ናፍቆት ለባለቤቱ ነው እንጂ ለሌላው ወሬ ነው።

እኔም አገባሁ፣ ሴት ልጅ ወለድኩ። እትዬ ካረፈች በኋላ ደግሞ ንባቡ ወደ እኔ ዞረ። የመጀመሪያው ዓመት በየገጹ ድምፄ እየተሰበረ አስቸገርኳቸው፤ አጎቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይሰማ ነበር። ቆይቶ ተለማመድነው። በራስ አፍ ማንበብ ከመስማት ይለያል ለካ። ልጄ ለአቅመ ሔዋን እየተጠጋች፣ እኔ የምሰፋላትን ቀሚስ ሁሉ ሳጥን ውስጥ የምትወሽቅበት ዘመን ነበር። አንድ ከሰዓት ስንት ጊዜ የሰማሁት ቦታ ላይ ደረስኩ። እናትየዋ ከወንዙ ላይ የሚመጣውን ጀልባ ነጂ ሁሉ እያስቆመች «ልጄን አይታችሁታል? ቁመቱ የት ደረሰ?» ትላለች። አነበብኩት። ተመልሼ ደግሞ አነበብኩት። «ደህና ነው ወይ?» አትልም። ከዳር እስከ ዳር ቁመቱን ነው የምትጠይቀው። «ምን ይበላል፣ ምን ይሻል፣ ምን ይላል» የሚል አንድ ቃል ከአፏ አይወጣም።

በወጣትነቴ ያለቀስኩለት ኮት በዚያች ሰዓት ሌላ ኮት ሆነብኝ። ፍቅር መሆኑን አልካድኩም። ጆሮ የሌለው ፍቅር ነው እንጂ። ማታ ቤቴ ገብቼ ልጄን «ምን ዓይነት ቀሚስ ነው የምትፈልጊው?» አልኳት። እንደታመመ ሰው አየችኝ፤ ከዚያ ግን እስክንተኛ ድረስ አወራችልኝ።

የዚያ ዓመት ንባብ ሲያልቅ ጋሼ ካውያ እንደ ልማዱ ኮቱን ይዞ መጣ። ገልብጬ ገበሩን ከፍቼ አየሁት። ትርፍ የሚባል የለም። ጨርቁ ጫፍ ደርሷል፤ ከዚህ በኋላ የሚለቀቅ ክር እንኳ አልነበረውም።

«አለቀ፣ ጋሼ።»

«እንዴት ያልቃል?»

«ጨርቅ እኮ ነው። ያልቃል።»

«በጎኑ ሌላ ጨርቅ ጨምሪበታ!»

አጎቴ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ማዶ «የተጣፈ ኮት ከዚህ ቤት አይወጣም» አለ። መልሱ ለሥራው ክብር ነበር፤ ጋሼ ካውያ ግን ሞት እንደተፈረደበት ሰው ፊቱ አመድ መሰለ። ዞሮ ወደ ጠረጴዛው ሄደና ውኃ ተጎነጨ። የዚያን ጊዜ ነው ምላሴ ያልጠየቅኩትን ያወጣው።

«ጋሼ፣ እህትህ ልጁ የት እንዳለ ታውቅ ይሆን?»

ልጁ እናቱ ከሞተች በኋላ፣ ለሙያ ወደ አባቱ እስኪመጣ ድረስ፣ ያደገው አክስቱ እጅ ላይ እንደነበር፣ አክስቱም በሌላ ከተማ እንደምትኖር ሁላችንም እናውቃለን። ጋሼ ካውያ ጉንጩ እንደተነፋ አየኝ። ይረጫል ብዬ ስጠብቅ ውኃውን ዋጠው።

«ታውቃለች» አለ።

ሁለቱ ሰፊዎች ቀና አሉ።

«ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ለምን?»

ካውያውን ጠረጴዛው ላይ ቀጥ አድርጎ አቆመው። «ምን ብዬ? ልጄ አይደለህም ያልኩት እኔ። ባዶ እጄን ሄጄ ምን ልለው? ኮቱ ሲደርስ በእሷ በኩል እልክለታለሁ እል ነበር። በዓመቱ ደግሞ አሁንማ አይበቃውም፣ ትንሽ ይሰፋ እላለሁ።» ጣቱን በኮቱ ኮሌታ ላይ አሳለፈ። «ይኸው አለቀ አልሽኝ።»

ያን ሁሉ ዓመት በር ላይ አብሬው ቆሜ ልጁ የጠፋ መስሎኝ ነበር። የጠፋ ሰው አልነበረም ለካ፤ ያልተጠየቀ ሰው ነው። አዘንኩለት፤ ደግሞም ተናደድኩ። «እንግዲያ ጥሩ ሆነ ማለቁ» አልኩት።

በማግሥቱ ጋሼ ካውያ ሥራ አልገባም። ታምሞ እንኳ ቀርቶ የማያውቅ ሰው ነው። አጎቴ ራሱ ካውያ ይዞ አንዱን ሱሪ በአንድ እግሩ ሁለት መስመር አወጣለትና እስኪመጣ ድረስ አንተኩስም ብሎ ተወው። ያልተተኮሰ ልብስ እየተቆለለ ሄደ። አጎቴ በየደቂቃው ወደ በሩ ያያል፣ እኔም አያለሁ። የተናገርኩት ከነከነኝ፤ ሄዶ ልጁ ቢያሳፍረውስ? በሩን ቢዘጋበትስ? ከዚያ በኋላ ሽማግሌው የሚሰቅለው ተስፋ እንኳ አይኖረውም።

በሳምንቱ ይሁን በአሥር ቀኑ፣ ከሰዓት በኋላ የእጅ ሥራ ይዘን ሳለን በሩ ተከፈተ። ጋሼ ካውያ ነው። ከኋላው አንድ ሰው ገባ። ማን ነው ብሎ መጠየቅ አላስፈለገም። ራሱ ጋሼ ካውያ ከፊት ፀጉሩ ትንሽ ሸሽቶ በሌላ ሸሚዝ የገባ ነው የመሰለው። ቁመቱ የአባቱ፣ ትከሻው ጠባብ፣ እጁ እንደ ሴት ልጅ እጅ ትንሽ። ፍሪጅ ጠጋኝ መሆኑን ነገረን።

«አባት በሙቀት፣ ልጅ በቅዝቃዜ!» አለ አጎቴ ተነሥቶ እያቀፈው። ቀልዱ ሥፍራውን አላገኘም፤ ማንም አልሳቀም።

ጋሼ ካውያ ልጁን አላስቀመጠውም። በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ኮቱን አወረደና ከኋላው ይዞ «እስኪ ልበሰው» አለው። ልጁ ግራ ገብቶት እጁን ሰደደ። እጁ ገባ፣ ገባ፣ አልወጣም። ጣቶቹ እጅጌው ውስጥ ቀሩ። የትከሻው ስፌት ወደ ክርኑ ወረደ። ሁለት እሱን የሚያህሉ ሰዎች ይይዝ ነበር። በመስታወቱ ራሱን አየ፣ ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ አባቱን አየ።

«ይሄ ለማን የተሰፋ ነው?» አለ።

ዕድሜዬን ሙሉ ስለዚያ ኮት የሰማሁት ፍቺ ሁሉ፣ ተስፋው፣ ግትርነቱ፣ የእኔ እንባ፣ በዚህች ጥያቄ ፊት ድምጥማጡ ጠፋ። ጋሼ ካውያ አፉን ከፈተ። «ላንተ» አለ። «በሐሳቤ አድገህብኝ ነው።»

አጎቴ ቶሎ ብሎ መርፌ ቁልፉን ከደረቱ ነቀለ። «ይጠባል! ምን ችግር አለው? ከጎኑ ይዘን፣ ከጀርባው...»

«ተው» አለው ጋሼ ካውያ። አጎቴን ተው ሲለው ለመጀመሪያ ጊዜ የዚያን ቀን ሰማሁ። ኮቱን በሁለት እጁ ከልጁ ትከሻ ላይ አንስቶ፣ ሳያጥፈው፣ እኔ ጭን ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ፊት ለፊቱ መጥቶ ቆመ። ቁመታቸው ትክክል ነው፤ ዓይን ለዓይን።

«ምን ዓይነት ኮት ትወዳለህ?» ብሎ ጠየቀው።

ልጁ መሬት መሬት አየ። «እውነቱን ልንገርህ፣ አባባ? ኮት አልወድም። ያፍነኛል።»

«ድሮም?»

«ድሮም።»

ጋሼ ካውያ ራሱን ነቀነቀ። ተቀየመ ብዬ ፈራሁ። «ታዲያ ምንድን ነው የምትወደው?»

ከአባቱ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቶ የሚያውቅ አይመስልም፤ ቀና ብሎ አየውና «ሹራብ» አለ።

ሽማግሌው ካውያውን አየ፤ ጠረጴዛውን አየ፤ ዕድሜውን የፈጀባቸውን ሁለት እጆቹን አየ።

«ሹራብ እኮ አይተኮስም» አለ።

«አዎ» አለ ልጁ። «አይተኮስም።»

ያልተተኮሰው ልብስ እስከ መስኮቱ ድረስ ተቆልሏል፤ ከሥራ ለመውጣትም ገና ነበር። ጋሼ ካውያ ጎንበስ ብሎ የካውያውን ገመድ ከግድግዳው ነቀለ፣ የልጁን ክንድ ያዘ፣ ወደ በሩ መራው።

«ና» አለው፣ «የቱን እንደምትወድ አሳየኝ።»